ቤት ድረስ የሚመጣ ሆስፒታል

«ቤታችሁ ውሰዷቸው» ከተባለ ሐኪም ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው፤ በቁሐር ሚካኤል ቀበሌም ሆነ በመላው ፎገራ ወረዳ ብዙ ሰው የሚረዳው እንዲህ ነው። ስለዚህም በቤት የሚሰጥ የሆስፒታል ሕክምና ገና ስሙ ሲነሳ ያስፈራል።

ነገሩ ቀላል ነው። የሳንባ ምች ወይም የልብ ድካም የያዛቸው አዛውንት ሆስፒታል በመተኛት ፈንታ ቤታቸው ይታከማሉ። ነርስ በየቀኑ ትመጣለች፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ካስፈለገም ኦክስጅን ይቀርባል፤ ሐኪም ይከታተላል። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ከታከሙት አዛውንቶች መካከል በሕመማቸው መሀል አእምሯቸው የተቃወሰው ሆስፒታል ከተኙት ያነሱ ናቸው።

ሆስፒታል ሕይወት ያተርፋል፤ ለደካማ አዛውንት ግን መተኛቱ ራሱ ይጎዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ፣ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ቀነሰ። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ፤ የታመሙ የ80 ዓመት እናትማ ምን ያህል ያጣሉ! ቤት ውስጥ ግን የሚያስነሳ ነገር አይጠፋም፦ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለ፣ ለቡና መነሳት አለ። «አይነሱ፣ ይረፉ» እያላችሁ ሁሉን እጃቸው ላይ የምታደርሱ ልጆች፣ ፍቅራችሁ ያስመሰግናል፤ እግራቸውን ግን እየነጠቃችኋቸው ነው። ሐኪም ካልከለከለ ደግፋችሁ አቁሟቸው።

መነሳት ለማይችሉት ደግሞ መኝታው እንዳያቆስላቸው ማገላበጥ አለ። አንዲት ነርስ አስታማሚ ስታስተምር አይቻለሁ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ የሕመምተኛውን ተረከዝና ወገብ በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ አይታይም፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ ግን ቁስል እየጀመረ ነው።

አገራችን ከባዶ አትነሳም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያ ቤት ለቤት መላክን አስለምዶናል፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትም ጽኑ ሕሙማንን በየቤታቸው ይጎበኛል። ሆስፒታልም ቢሆን መሬት ላይ እያደረ የሚያጎርሰውና የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። የጎደለው ነርሷ፣ መድኃኒቱና ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ግን የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ሕመሙ ቢጠና መኪና ከማይደርስበት ቤት ይህ ሕክምና መጀመር የለበትም። ጅማሬው ከወረታ ከተማና ከመኪና መንገድ ዳር ቢሆን ይበጃል።

ሐኪም «ቤት ይታከሙ» ሲላችሁ አትደንግጡ፤ ጠይቁ። ማን ይመጣል? በየስንት ጊዜው? ሌሊት ቢብስባቸው ለማን እንደውል? የእነዚህን መልስ ሳታገኙ ወላጆቻችሁን ከሆስፒታል አታውጡ።