በጅቡቲ ወደብ ሥራ ሲጠፋ ሠራተኛው ስለ ምን ይታወካል

የጅቡቲ ከተማ በ1888 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኑሮዋ የተመሠረተው በአላፊው መርከብ ላይ ነው። በዙሪያዋ ይህ ነው የሚባል እርሻ የለም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። በስዊዝ ቦይና በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የሚመላለሰው መርከብ አስቀድሞ ከሰል፣ ኋላም ነዳጅ ዘይትና ውሃ ከዚያ ይወስድ ነበር። በተለምዶ ኩሊ የሚባለው የወደብ ተሸካሚ እንጀራ የሚያገኘው መርከብ ሲገባ ነው፤ መርከብ ካልገባ የቀን ሒሳቡ የለም።

በ1967 ዓ.ም. በጁን ወር የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ቦዩን ዘጋው፤ እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስም ሳይከፈት ቆየ። መርከቦች አፍሪቃን በደቡብ መዞር ግድ ሆነባቸው፤ የጅቡቲም ነዳጅ ገበያ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ይህ የደረሰው ከተማዪቱ ገና ሳትረጋ ነው። በ1966 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ደጎል ሲጎበኟት ነጻነት የሚጠይቁ ሰልፈኞች ወጥተው ደም ፈሶ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በማርች የተሰጠው የሕዝብ ድምፅ ግዛቱ ከፈረንሳይ ጋር እንዲቆይ ወሰነ፤ ከዚያም ብዙ ሱማሌዎች ተባረሩ። ከተማዪቱም በእሾህ ሽቦ ታጥራ ነበር።

ቦዩን የዘጋው በጅቡቲ የሚኖር ሰው አይደለም። ሠራተኛው ግን ሩቁን መንግሥት ሊከስ ስለማይችል ቍጣውን የሚያወርደው በቅርብ ባለው አሠሪና ሹም ላይ ነው። ሁከቱን ሁሉ የጥቂት አሳሳቾች ሥራ አድርጎ የሚቈጥር ሹም ወደቡን ወርዶ የመርከቡን ቍጥር አላየም ማለት ነው።

ቦዩ ሲከፈትም ተስፋው በሙሉ አልተመለሰም። በደቡብ ለመዞር የተሠሩት ታላላቅ የነዳጅ መርከቦች ጭነታቸውን እንደያዙ በቦዩ አያልፉም ነበርና።

ጅቡቲ በ1977 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ ችግሩ ወደ ጽሕፈት ቤት ገባ። በ1991 ዓ.ም. የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ግምጃ ቤቱን አራቈተ፤ ደመወዝም ይዘገይ ጀመር። በ1995 ዓ.ም. በሴፕቴምበር የቍጠባ ደንብ ሲታወጅ የሠራተኛ ማኅበራት ሥራ አቆሙ፤ ከመሪዎቻቸውም ከሥራ የተባረሩ ነበሩ። የወር ደመወዙን እንደ ርስት ይቈጥር የነበረው ጸሐፊና አስተማሪ ኩሊው ቀድሞ የሚያውቀውን ፍርሃት ያን ጊዜ ዐወቀ።

በ1998 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ወደቡም እንደገና ሞላ። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. በዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ሲጀምር ሣጥኑን ከመርከብ የሚያወርደው ክሬኑ ነበር።