መኪና ከመቀባቱ በፊት የሚነሳው አቧራ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የጋራዥ ወጪን ለመቀነስ ሲባል መኪናን ወይም ባጃጅን በግቢ ውስጥ አድሶ መቀባት እንግዳ ነገር አይደለም። ሥራው ሲጀመር አብዛኛው ሰው የሚጠነቀቀው ቀለሙ ሲረጭ ከሚወጣው ሽታ ነው። የጤና ጉዳቱ ግን የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አሮጌው ቀለምና ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ነው።

በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሊድ ወይም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። በአገራችን የቀለም የሊድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት በተቀባ ላሜራ ላይ ሊድ መኖር አለመኖሩን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያስከትልም የሚባል የሊድ መጠን እንደሌለ ያስገነዝባል። ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው ሊድ ወደ ሰውነታቸው የሚሰርገው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የአእምሮ እድገታቸውንና የመማር ችሎታቸውንም ይጎዳል። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የሆድ ቁርጠትና የኩላሊት ጉዳት ያስከትላል። ለነፍሰ ጡር እናት ለፅንስ መጨናገፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳማ ደጋ በር ዘግቶ መሥራት ይቀናል። ይህ አቧራውንም የቲነሩንም ትነት ያፍናል። ስለዚህ ሥራው በተከፈተ ቦታ፣ ከማድ ቤት፣ ከውሃ ጉድጓድና ከልጆች መጫወቻ ርቆ ይከናወን። ቀለሙን በደረቁ ከመፋቅ በውሃ እያራሱ መፋቅ አቧራውን በእጅጉ ይቀንሳል። ፍቅፋቂውን በኮምፕሬሰር ከመንፋት ወይም በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ይሻላል። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻሽ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፤ ኤን 95 ጭምብል ያስፈልጋል። የሥራ ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

ኤን 95 የቲነርን ትነት አያግድም። ቲነር በከሰል ምድጃ ወይም በሲጋራ አጠገብ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት ይራቅ። እጅን በቲነር መታጠብም ቆዳን ያደርቃል፣ ኬሚካሉም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ሳሙናና ውሃ ይጠቀሙ። ማጠንከሪያ የሚደባለቅባቸው ቀለሞች ሲረጩ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ስለሚለቁ ለከባድ አስም ሊዳርጉ ይችላሉ። የእነዚህ ርጭት ተገቢው መከላከያ ላለው ባለሙያ መተው አለበት።

ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣት መርዙን ያወጣል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ወተት ምግብ ነው፤ ከሳንባ አቧራ አያጥብም፤ ሊድንም ከደም አያወጣም።

ሌላው አደጋ ቲነርን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። ሕፃን ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ይህ ከደረሰ አታስመልሱት፤ ወተትም አታጠጡት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ይከፋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ማጠብ ይገባል።

ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የሆድ ቁርጠት ከተሰማዎት ሥራውን አቁመው ይታከሙ። የአስም ምልክት ማታ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም መኪና ሲፍቁ መሰንበትዎን ይንገሩት፤ ለምርመራው ይረዳዋል።