በረንዳችንን መልሰን ስንከፍት

ሐምሌ 7 ቀን ከሚዘከሩት ታሪኮች አንዱ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 የተጻፈው የአብርሃም እንግዳ አቀባበል መሆኑ ይታወቃል። አባታችን እንግዶቹን ያየው በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ነው። እግራቸውን የታጠቡትም ሆነ የቀረበላቸውን የተመገቡት በዛፉ ጥላ ሥር፣ ከድንኳኑ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱም ገባ ባለው ሥፍራ ነበር። ይህችን በቤትና በመንገድ መካከል ያለች ጥላ በዛሬ አነጋገር በረንዳ ብንላት መምህራን የሚቆጡን አይመስለንም።

ቀራንዮ የሚገኘው ቤታችን ሲሠራ ከፊቱ ጠበብ ያለች በረንዳ ነበረችው። ኑሮ ሲከብድ ጎረቤቶቻችን ያደረጉትን እኛም አደረግን፤ ፊቷን በብሎኬት ደፍነን፣ መስኮት አውጥተን፣ ለኪራይ አዋልናት። በቀጣዩ ክረምት፣ ሐምሌ 27 ቀን፣ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ዝናቡ ሲጠናባቸው እንደ ወትሯቸው ወደ ግቢያችን ገቡ። በር አላንኳኩም። ድሮም አንኳኩተው አያውቁም፤ በረንዳው ላይ ዐረፍ ብለው ዝናቡን ያሳልፉና ይሄዱ ነበር። ስንወጣ ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው አገኘናቸው። «ይግቡ እንጂ እማማ» ብንላቸው፣ «ከነጭቃዬ ምንጣፋችሁ ላይ? ተዉኝ ልጆቼ» አሉን።

ተከራዩ በሰላም ከለቀቁ በኋላ ግድግዳውን አፈረስነው። ወርኃዊው ኪራይ ቀርቶብናል፤ መቅረቱም በቤታችን ተሰምቷል። ቤት ለመሥራት ወይም ለማደስ ያሰቡ አንባብያን ግን በረንዳን እንደ ትርፍ ቦታ ከመቁጠራቸው በፊት ጥቂት እንዲያስቡበት እንሻለን።

«በረንዳ» የግዕዝ ቃል አይደለም። በፖርቱጋልና በህንድ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ድምፅ ያለው ቃል ይገኛል። አማርኛችን ግን ቃሉን ፈጽሞ የራሱ አድርጎታል፤ መርካቶ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ አሉት። ቤት አልባውንም ሰው «በረንዳ አዳሪ» እንለዋለን። በሰው ቤት ክፈፍ ሥር ማደር የቻለ ሰው መኖሩን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «መመላለሻ» የሚል ያማረ ቃል አለው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሕሙማኑ የተኙባት የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አምስት መመላለሻ ነበራት፤ በምዕራፍ 10 ጌታችን በክረምት ይመላለስ የነበረውም በሰሎሞን መመላለሻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። የቀድሞዋ በረንዳችን ትልቁ ጉድለት ጥበቷ ነበር፤ አንድ ሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሌላው በጎን ማለፍ ይቸግረዋል። አዲሱን ወደ 2 ሜትር አስፍተነዋል። ወለሉ ውኃ እንዳያቁር በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጓል። የለሰለሰ ሊሾ ለዓይን ቢያምርም በዝናብ ቀን አረጋውያንን ያንሸራትታልና ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሸከር እንዲል አስደረግነው። የእንጨት ቋሚዎች በቀጥታ አፈር ውስጥ ከተተከሉ ምስጥና እርጥበት ይጫወቱባቸዋል፤ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መቀመጫ ላይ ቢቆሙ ይበጃል። ወለሉ ከፍ ያለ ከሆነ መከታ ያስፈልገዋል፤ ይህንንስ ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ስለ ጣሪያው አስቀድሞ አዝዟል።

አቅጣጫም ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በመሆኑም ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ በብርዱ ወራት ፀሐይ ይሞቃል። ወደ ምዕራብ የዞረ ከሰዓት በኋላ ዓይን ይወጋል። ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚገርፍ ግን ካርታ አይነግርም፤ በገዛ ግቢ አንድ ክረምት ቆሞ ማየት ነው።

ስለ ጣሪያ አባቶቻችን ብዙ ትተውልናል። በጣና ዙሪያ ከሚገኙት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በአንዳንዶቹ ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ በዙሪያው በቆሙ ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። የጭቃው ግድግዳ ከዝናብ ይጠበቃል፤ ሕዝቡም መጠለያ ያገኛል። የጭቃ ቤት ያላቸው አንባብያን ወራጁን ትንሽ ቢያስረዝሙ ለሁለቱም ይጠቅማቸዋል። በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ አሸንዳ ቢገጠም ውኃው በርሜል ይሞላል እንጂ የመሠረቱን አፈር አይቦረቡርም። ከኋላ ያለው ክፍል እንዳይጨልምም በመካከሉ አንድ ሁለት ብርሃን አስተላላፊ ቆርቆሮ ማስገባት ይቻላል።

በረንዳቸውን በመስታወት ዘግተው የቡና ማፍያ ላደረጉ ወገኖች አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ሥፍራ ይገድላል፤ ገዳዩም ሽታ የለውም። መስኮቱ ይከፈት፣ ወይም ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩትም ጠባቧን ሰገነታቸውን በዕቃ ከሚሞሏት አንድ በርጩማ ቢያኖሩባት ይሻላል።

እኛ ከሁሉ የወደድነው ከግድግዳው ጋር አያይዘን ያሠራነውን መደብ ነው። ወንበር ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ለእንግዳም «አምጡለት» ይባላል፤ መደብ ግን ማንንም ሳያስጠራ ያስቀምጣል። ከፍታውን 45 ሳንቲ ሜትር አድርገን ልስኑ ሳይጀመር እኚያ እናት መጡና በምርኩዛቸው ለክተው «ለእኔ ከፍ ይላል» አሉን። ግንበኛው እያጉረመረመ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎታል።