መሪ የማይሰማ መኪና፦ ከጌሙ እስከ ገዳሪፍ ጭቃ

የመኪና ውድድር ጌም የሚወዱ ወጣቶች አንድ የጋራ ምሬት አላቸው። አራቱም ጎማ የሚጎትተውን ኃይለኛ መኪና፣ ሱባሩ ኢምፕሬዛን ወይም ሚትሱቢሺ ላንሰርን ይመርጣሉ። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ግን መሪውን ቢጠመዝዙትም መኪናው ቀጥ ብሎ ከመንገድ ይወጣል። «ጌሙ ተበላሽቷል» የሚሉም አሉ። ጌሙ ግን ደህና ነው። ይኸው ችግር በእኛም የክረምት መንገድ ላይ ስላለ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ እናያለን።

የጎማ አቅም የተወሰነ ነው። በፎርዊል መኪና የፊት ጎማዎች መጎተትም ማዞርም አለባቸው። ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ስንረግጥ አቅማቸው በመጎተት ያልቅና ለመዞር የሚተርፋቸው ያንሳል። በዚያ ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ፊቱ ይቀላል። አውዲ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኳትሮ እንኳ የራሊን ውድድር የለወጠ መኪና ሆኖ ሳለ በዚህ አመሉ ይታወቅ ነበር። ሚትሱቢሺም በ1996 እ.ኤ.አ. ለላንሰር ኤቮሉሽን 4 ኃይልን ለኋላ ግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል መሣሪያ የሠራለት በደንብ እንዲታጠፍ ብሎ ነው።

በጌሙ መፍትሔው ይህ ነው፦

1. ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ይያዝ።
2. አፍንጫው ወደ መውጫው ሳይዞር ነዳጅ አይረገጥ።
3. መኪናው አልዞር ሲል መሪውን አብዝቶ መጠምዘዝ ያብሳል። ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውንም ጥቂት መለስ ማድረግ ነው፤ ጎማው መሬቱን መልሶ ይይዛል።
4. እንደ ግራን ቱሪስሞ ባሉ ማስተካከያ በሚፈቅዱ ጌሞች ኃይሉን ወደ ኋላ ማብዛት፣ የፊቱን ሞላ ማለስለስ ይረዳል። አንድ በአንድ ቀይራችሁ በዚያው ኩርባ ሞክሩ።

አሁን ወደ ገዳሪፍ ዋልካ እንምጣ። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ አፈር የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ብዙዎቹ የሥራ ላንድክሩዘሮች ደግሞ ፎርዊል ሲገባባቸው የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይቆለፋሉ። ኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄዱ ከኋላዎቹ መፍጠን ይፈልጋሉ። መቆለፉ ስለማይፈቅድላቸው መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይቀናዋል። ፎርዊል ከጭቃ ያወጣል እንጂ ለማቆም አያግዝም፤ ኩርባም አያሳጥርም።

ተሳፋሪም ድርሻ አለው። ሱዳኖች ቦክሲ በሚሉት ፒካፕ ሰውና ጆንያ ከኋላ ጫፍ ሲከመር የፊቱ ጎማ ይነሳል፤ መሪም አይሰማም። ከባዱ ዕቃ ወደ ጋቢናው ይጠጋ። ሹፌሩንም «ቀስ በል ወንድሜ» የምንለው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ይሁን፤ መሐል ላይ ደንግጦ ፍሬን ቢይዝ ይብሳል።

በተለይ ወላድ ወይም በሽተኛ ይዞ ወደ ሕክምና የሚሮጥ መኪና ችኮላው ይገባናል። ግን ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ቦይ ውስጥ የገባን መኪና በዝናብ ትራክተር ፈልጎ ማውጣት ግን ቀን ሊፈጅ ይችላል። በጌሙ የወጣ መኪና አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይመለሳል። ስለዚህ ልጆች፣ እዚያ እየወጣችሁ ተማሩ፤ የተማራችሁትንም መሪ ለሚይዙ ታላላቆቻችሁ ንገሩ።