በሪህ ሕሙማን መገጣጠሚያ ውስጥ የሚከማቹት ክሪስታሎች

በአገራችን ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም «ሪህ» ሲባል ይሰማል። በሕክምናው ሙያ ግን ሪህ የራሱ መንስኤ ያለው በሽታ ሲሆን፣ እርሱም በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚከማቹ የዩሪክ አሲድ ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው። ልዩነቱን ለይቶ ማወቅ መገጣጠሚያንም ሆነ ኩላሊትን ከጉዳት ለማዳን ወሳኝ ነው።

ዩሪክ አሲድ በሰውነት ሕዋሳትና በምግብ ውስጥ የሚገኘው ፒዩሪን ሲፈራርስ የሚፈጠር ተረፈ ምርት ነው። አብዛኛው በኩላሊት አማካይነት ከሽንት ጋር ይወገዳል። ኩላሊት በበቂ ሁኔታ ማስወገድ ሲሳነው በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። በአንድ ዴሲ ሊትር ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ስለሚያዳግተው መርፌ መሰል ክሪስታሎች ሊሠራ ይችላል። ክሪስታል በቀዝቃዛ ሥፍራ ይበልጥ ስለሚረጋ የእግር አውራ ጣት ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ተጠቂ ነው። የሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ክሪስታሎቹን ሲያጠቁ ድንገተኛ እብጠት፣ መቅላትና ብርቱ ሕመም ይከሰታል።

እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ዳንኤል ማካርቲና ጆሴፍ ሆላንደር ከሪህ ሕሙማን መገጣጠሚያ የተቀዳ ፈሳሽን በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ በመመርመር ክሪስታሎቹን ለይተው አሳዩ። በቀጣዩ ዓመትም ማካርቲና ባልደረቦቻቸው የካልሲየም ፓይሮፎስፌት ክሪስታል ተመሳሳይ ሕመም እንደሚያስከትል ገለጹ። «ሐሰተኛ ሪህ» የተባለው ይህ ሕመም በተለይ የአረጋውያንን ጉልበት ያጠቃል።

የደም ምርመራ ብቻውን በቂ አይደለም። ሕመሙ በተቀሰቀሰበት ወቅት የዩሪክ አሲድ መጠን መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። በተህዋስያን የሚመጣ የመገጣጠሚያ ቁስለትም ሪህን ስለሚመስል፣ እንዲያውም አብሮት ሊከሰት ስለሚችል፣ እብጠትና ትኩሳት ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ኮልቺሲንና ሌሎች ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ ክሪስታሎቹን አያሟሙም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳሉ። አሎፑሪኖል የዩሪክ አሲድን መጠን ከ6 ሚሊ ግራም በታች ለማውረድ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር መድኃኒት ነው። ክሪስታሎቹ የሚሟሙት በወራትና በዓመታት በመሆኑ ሕመሙ ጋብ ሲል መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል።

ሥጋ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ቢራ ማብዛት ለሪህ ያጋልጣል። ጥራጥሬን በተመለከተ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነና 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ፒዩሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬዎች የሪህን ተጋላጭነት እንደማይጨምሩ አመልክቷል። በመሆኑም የሪህ ሕሙማን ሽሮና ምስርን ከማዕዳቸው ማስወገድ አያስፈልጋቸውም። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ዩሪክ አሲድን ሊጨምሩ ስለሚችሉ፣ ተጠቃሚዎች በራሳቸው ሳያቋርጡ ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል።