ቅዳሜን ከሰኞ ማገናኘት፦ በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የሚሰጠው የቢዝነስ አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ትምህርት
(በመልካሳ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ)



ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችሁ ከራሳችሁ ሕይወት ስለምታውቁት ሰው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ስለሚከታተለው። ይህ ተማሪ ከመደበኛው ተማሪ በምን ያንሳል? በምንስ ይበልጣል?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች የተዘጋጀ የማስተርስ ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነበር። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአገራችን «ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል የማታ ትምህርት ስም ሆኖ ከአማርኛ ጋር ከተዋሐደ ቆይቷል።

በቅድሚያ ስለ ጊዜ ላንሣ። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ቢሰጥ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። ያው ኮርስ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሰጥ በ8 ሳምንት ያልቃል። ድምሩ እኩል ነው። ዕውቀት የሚሰክነው ግን በክፍለ ጊዜዎች መካከል ነው፤ ያ ጊዜ በግማሽ ቀንሷል፤ የቀረውንም መሥሪያ ቤትና ቤተሰብ ይሻሙበታል። እንግዲህ ይህን ተማሪ በንባብ ብዛት ብቻ ከመዘንነው ሳይጀምር ተሸንፏል። ከዚህ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተገለበጠ የቡድን ሥራ፣ በገንዘብ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ። ጥፋቱ የተማሪው ነው፤ መንሥኤውን ግን የእኛ አሰጣጥም ይጋራዋል።

የሚበልጥበትስ? ሰኞ ጠዋት የሚገባበት ቢሮ አለው። ከዓመታት በፊት ፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበውን የማዘዣ መጠን ቀመር አስተምር ነበር። ቀመሩ ፍላጎቱ የማይዋዥቅ፣ ወጪው የታወቀ፣ ዕቃውም በፈለጉት ጊዜ የሚታዘዝ ነው ብሎ ይነሣል። የመለዋወጫ ግዥ ላይ የሚሠራ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ የውጭ ምንዛሪ ሲፈቀድለት ብቻ የሚገዛ ድርጅት ይህን ቀመር ምን ያደርገዋል?» አለኝ። ጥያቄውን አድበስብሼ አለፍሁ። ዛሬ ቢሆን የሦስት ዓመት የግዥ መዝገብ አምጣ እለው ነበር። ቀመሩ ስሕተት አልነበረም፤ የተመሠረተበት ግምት እንጂ ከዚያ መጋዘን ጋር የማይገጥመው። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ራሱ መልኩን ለውጧል፤ «መቼ ይፈቀድልኛል?» ከማለት ይልቅ «በስንት እገዛለሁ?» የሚለው ከብዷል። ይህን ለውጥ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ቀድሞ ያየው ግዥ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ለዚህ አብነት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ በመልካሳ ግብርና ምርምር ማእከል አዲስ የቦሎቄ ዝርያ በማእከሉ ማሳ ላይ ጥሩ ፍሬ ስለሰጠ ብቻ አይለቀቅም። በተለያዩ ቦታዎችና ወቅቶች ይፈተሻል፤ በአርሶ አደሩ ማሳም ይታያል። የአስተዳደር ንድፈ ሐሳብም ማሳ ያስፈልገዋል፤ የኛ ማሳ የተማሪዎቻችን መሥሪያ ቤት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ኮርስ ዋና ምዘና ተማሪው ከሚሠራበት ቦታ በሚመጣ መረጃ ላይ ይመሥረት፤ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድና ምስጢር እንደተጠበቀ። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ የሥራ ችግር ይመርምር፤ በቃል መከላከያውም ተማሪው እያንዳንዱን አኃዝ ከየት እንዳገኘው ይጠየቅ። ጽሑፍ ይገዛል፤ ይህን የሚመልስ አንደበት ግን አይገዛም። ሦስተኛ፣ ቀጣሪው ከማስረጃው ተጠቃሚ ነውና ለምርምሩ የሥራ ሰዓት ይፍቀድ።

«እንዲህ ከሆነ ምርምሩ የቢሮ ሪፖርት አይሆንምን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ስጋቱ እውነት ነው፤ አለቃውን የማያስደስት ግኝትም ሊዳፈን ይችላል። የአማካሪ መምህሩ ድርሻ እዚህ ላይ ነው፤ ከንድፈ ሐሳቡ የትኛው ግምት ጸና፣ የትኛው ፈረሰ ብሎ መጠየቅና ተማሪው ያገኘውን እንዳይሸሽግ መቆም።

ዲግሪው የደረጃ ዕድገት ቢያስገኝ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከልጆቹ ላይ የተወሰደው ቅዳሜ ሰኞ ዕለት አንድም ነገር ካላሻሻለ፣ ዕዳው በእኛም ላይ ነው።