ልጅ ካላቦካች መቼ ትልመድ?

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባላል። እኛ የነርስ አስተማሪዎች ደግሞ ይህን ተረት የሙጥኝ ብለናል። ጎበዟ ነርስ ተመርቃ ለማስተማር ትቀጠራለች፤ ስብሰባ መምራት፣ የተጣላ ማስታረቅ ግን ማንም አያሳያትም። አንድ ቀን የኃላፊነት ደብዳቤ ይሰጣትና "በርቺ" ትባላለች። በምኗ ትበርታ?

ሙያችን እኮ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጥ ነው። እኛው ሠፈር ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ማሠልጠን በስሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1860 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ምሩቃኑ በየሆስፒታሉ ሄደው ሌላውን እንዲያሠለጥኑ አስባ ነው።

እኔ ከአንዲት ወጣት አስተማሪ ጋር የሞከርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ስመራ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ቀጥሎ አጀንዳውን እሷ አዘጋጀች። በሦስተኛው እሷ መራች፤ እኔ ዝም። ስህተቷን ለብቻዋ፣ ጉብዝናዋን በሰው ፊት እነግራታለሁ።

አንድ ቀን፣ "ሲስተር፣ ተማሪዎቼን ከበሽተኛ አላስጠጋም ያለኝን የዋርድ ኃላፊ ምን ልበለው?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። "ምን አስፈርቶት ይመስልሻል?" አልኳት። ሄዳ ጠየቀችው። ለካ ያስቸገረው ሐኪሞች በሚዞሩበት ሰዓት የሚፈጠረው ግርግር ነው! ሰዓት ቀየሩ፤ ተማሪዎቹም ገቡ።

እናንተ አንጋፎች፣ "ወንበሬን ትወስድብኛለች" ብላችሁ አትስጉ። ነገ ስንታመም አልጋችን አጠገብ የምትቆመው እሷ ያስተማረቻት ነርስ ናት።